ሲቢዲ ዘይት፦ የተረጋገጠው፣ ያልተረጋገጠውና በቅርብ ያለው መድኃኒት

አሜሪካ የሚኖር የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ ተወላጅ በነዳጅ ማደያው ሱቅ፣ በፋርማሲው መደርደሪያ ወይም በኢንተርኔት ገበያ «ሲቢዲ» የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ማንጠብጠቢያ ያለው ትንሽ ጠርሙስ ማየቱ አይቀርም። ለሕመም፣ ለእንቅልፍ፣ ለጭንቀት፣ ለስኳር፣ ለሚጥል በሽታ ይበጃል ተብሎ ብዙ ይወራለታል። አገር ቤት በሚጥል በሽታ የሚሠቃይ የወንድም ልጅ ያለው ወይም እናቱን ጉልበቷን የሚያማት ሰው «ይህን ብልክላቸውስ?» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። የወገን ሐሳብ ነው። ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳ ወይም መካነ ኢየሱስ ያለው ዘመድም ስለዚህ ዘይት ሲሰማ «የኛን ልጅ ያድንልን ይሆን?» ማለቱ ያለ ነው።

ጥያቄው ቀጥተኛ መልስ ይገባዋል። ሲቢዲ ለጥቂት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች በእርግጥ የሚሠራ መድኃኒት ነው። በሱቅ የሚሸጠው ጠርሙስ ግን ያ መድኃኒት አይደለም። በአካባቢያችን ለአብዛኛው የሚጥል በሽታ ታማሚ የሚሆነው መድኃኒት ደግሞ ርካሽ፣ የቆየና በጤና ጣቢያ የሚሰጥ ነው። ይህን አንድ በአንድ እንመልከተው።

ሲቢዲ ምንድን ነው?

ሲቢዲ «ካናቢዲዮል» የሚለው ስም አጭር መጠሪያ ሲሆን የሚገኘው ካናቢስ ከሚባለው ተክል ነው። ተክሉ ካናቢኖይድ የሚባሉ ከመቶ የሚበልጡ ውህዶች አሉት። ከእነዚህ ሁለቱ ይበልጥ ይታወቃሉ። አንዱ ቲኤችሲ ነው፤ የሚያሰክረው፣ ስሜትንና አእምሮን የሚያዛባው፣ ሱስ የሚያስይዘው እሱ ነው። ሁለተኛው ሲቢዲ ነው፤ እሱ አያሰክርም። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ባደረገው ግምገማ ንጹሕ ሲቢዲ ሱስ የማስያዝ ምልክት እንዳልታየበት ገልጿል።

ሲቢዲን መጀመሪያ ከተክሉ ለይቶ ያወጣው አሜሪካዊው ኬሚስት ሮጀር አዳምስ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1940 ነበር። ትክክለኛ ኬሚካዊ አወቃቀሩን ግን በ1963 ያስረዳው እስራኤላዊው ራፋኤል መሹላም ከባልደረቦቹ ጋር ነው። መሹላም በሚቀጥለው ዓመት የቲኤችሲንም አወቃቀር አሳወቀ። የዛሬው የካናቢኖይድ ሕክምና ሳይንስ መሠረቱ ያ ሥራ ነው።

ተክሉ ለአገራችን ባዳ አይደለም። በጣና ሐይቅ ምሥራቅ፣ በጥንቱ በጌምድር ውስጥ «ላሊበላ» የሚባል ዋሻ አለ፤ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ የተለየ ቦታ ነው። በዚያ በተደረገ ቁፋሮ የተገኙ የሸክላ ማጨሻ ቅሪቶች ሲመረመሩ የካናቢስ ምልክት እንደታየባቸው አርኪዮሎጂስቱ ኒኮላስ ቫን ደር ሜርቬ እ.ኤ.አ. በ1975 ጽፏል፤ ዘመናቸውም ወደ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ተገምቷል። ይህ ታሪክ ግን ተክሉ በአካባቢው መታወቁን እንጂ መድኃኒትነቱን አያስረዳም። መድኃኒትነት የሚታወቀው በልኬትና በሙከራ ነው።

በገበያ ያለው «ሲቢዲ ዘይት» ከተክሉ የተጨመቀው ሲቢዲ በኮኮናት ወይም በወይራ ዘይት ተሟሙቶ የተዘጋጀ ነው። ከተክሉ ፍሬ ብቻ የሚጨመቀው ዘይት ግን እንደ ኑግ ወይም እንደ ተልባ ዘይት የምግብ ዘይት ነው፤ ሲቢዲ የለውም ማለት ይቻላል። ሁለቱ በገበያ እየተምታቱ ስለሚሸጡ አንዳንዱ ገዢ ከፍሎ የሚወስደው ውድ የምግብ ዘይት ነው።

ለምን በሽታ ተረጋገጠ?

የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርስ የሚነጋገሩት በኤሌክትሪክና በኬሚካል መልእክት ነው። የሚጥል በሽታ የሚነሣው ብዙ ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ሲቀሰቀሱ ነው። ሲቢዲ ይህን መቀስቀስ እንደሚያበርድ ታይቷል፤ የሚያበርድበት መንገድ ግን ተጠንቶ አላለቀም። ቲኤችሲ አእምሮን ለማስከር የሚጣበቅበትን የአንጎል መቀበያ ሲቢዲ እምብዛም አይጠቀምበትም። የማያሰክረውም ስለዚህ ነው።

ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ድራቬት ሲንድሮም ከሚባል ብርቅ በሽታ ነው። ይህ በሽታ ገና በጨቅላነት የሚጀምር፣ ልጁን ደጋግሞ የሚጥልና ለተለመዱት መድኃኒቶች የማይበገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ ጥናት 120 ልጆችንና ወጣቶችን ይዞ ነበር። ከፊሎቹ ሲቢዲ ወሰዱ፤ ከፊሎቹ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ፈሳሽ። ሲቢዲ በወሰዱት ዘንድ በወር ውስጥ የሚመጣው የመንቀጥቀጥ ብዛት በመካከለኛ ልኬት ከ12.4 ወደ 5.9 ወረደ። በሌላው ወገን ግን ከ14.9 ወደ 14.1 ብቻ ነው የቀነሰው።

ከዚህና ከሌሎች ጥናቶች በኋላ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በሰኔ 2018 (እ.ኤ.አ.) ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን ንጹሕ የሲቢዲ መድኃኒት ለድራቬትና ሌኖክስ-ጋስቶ ለሚባሉት ሁለት ከባድ የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ፈቀደ። በ2020 ቲዩበረስ ስክለሮሲስ ኮምፕሌክስ ከተባለ የዘር በሽታ ጋር ለሚመጣ የሚጥል በሽታም ተፈቀደ። ከሲቢዲ የተሠራ መድኃኒት በሙከራ አልፎ በዚያ አገር የተፈቀደው ለእነዚህ ሦስቱ ነው።

በድራቬቱ ጥናት ልጆቹ የነበራቸውን መድኃኒት አልተዉም። ሲቢዲ የተሰጣቸው በላዩ ተጨምሮ ነው። እዚያው አሜሪካ እንኳን ሲቢዲ የሌላውን መድኃኒት ቦታ አልወሰደም።

የመጠኑ ነገርም አለ። የተፈቀደው መድኃኒት ለድራቬትና ለሌኖክስ-ጋስቶ በኪሎ ክብደት በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ይሰጣል። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ቢያንስ በቀን 300 ሚሊግራም ያስፈልገዋል ማለት ነው። በሱቅ የሚሸጥ አንድ ጠርሙስ በአጠቃላይ 600 ሚሊግራም ሲቢዲ ቢኖረው ለዚህ ልጅ የሚበቃው ለሁለት ቀን ነው። ከምላስ ሥር በሚንጠባጠቡ ጥቂት ጠብታዎች የሚገኘው መጠን በጥናት ከተረጋገጠው መጠን ጋር አይቀራረብም። ዋጋውም ሌላ ነው፤ ኤፒዲዮሌክስ ገበያ ሲገባ የወጣለት ዋጋ በዓመት ወደ 32,500 ዶላር ነበር።

ያልተረጋገጠው

ለጭንቀት፦ ተስፋ ሰጪ ትንንሽ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በብራዚል በተደረገ አንድ ጥናት ሰው ፊት መናገር የሚያስጨንቃቸው 24 ታማሚዎች ተካፍለዋል። አንድ ጊዜ 600 ሚሊግራም ሲቢዲ የወሰዱት ንግግር ሲያደርጉ ጭንቀታቸው ቀንሶ ታይቷል። ነገር ግን የሰዎቹ ቁጥር ጥቂት፣ መጠኑ ደግሞ ከሱቁ ጠብታ እጅግ የበዛ ነው።

ለእንቅልፍና ለሕመም፦ ብዙ ሰው የሚገዛው ለእነዚህ ሁለቱ ነው። ማስረጃው ግን ደካማ ነው። ሲቢዲን ብቻውን ለሕመም የመረመሩት ጥናቶች በአብዛኛው መድኃኒት ከሌለበት አምሳያ የተሻለ ውጤት አላሳዩም። ጉልበቷን ለሚያማት እናት ሐኪም የሚያዝላት የሕመም ማስታገሻና ቀላል የሰውነት እንቅስቃሴ ይበልጥ ይጠቅማታል።

ለካንሰር፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፦ ሲቢዲ እነዚህን በሽታዎች ስለ ማዳኑ ማስረጃ የለም። ለስኳር ወይም ለግፊት የታዘዘ መድኃኒትን ትቶ ወደዚህ ዘይት መዞር ሕይወት ያሳጣል።

ጉዳቱ

ከተክል ስለመጣ አይጎዳም ማለት አይደለም። በጥናቶቹ በተደጋጋሚ የታዩት እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ ድካም፣ ተቅማጥ፣ ሽፍታ፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና የክብደት መውረድ ናቸው። የሴፍቲኔት ድጋፍ በሚሰጥባቸው የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንትና የስማዳ ቀበሌዎች ልጅ በቂ ምግብ እንዲያገኝ ቤተሰብ ብዙ ይለፋል። እንዲህ ባለ ቤት የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋ ነገር ቀላል ጉዳት አይደለም።

ከበድ ያለው በጉበት ላይ የሚታየው ነው። ሲቢዲ በአንዳንድ ሰው የጉበት ኢንዛይም ከፍ እንዲል ያደርጋል፤ በተለይ ቫልፕሮኤት ከሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ። ስለዚህ ኤፒዲዮሌክስ የሚወስድ ታማሚ መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊትም ከጀመረ በኋላም የጉበት ምርመራ በየጊዜው ይደረግለታል። የጉበት በሽታ ያለበት ወይም አልኮል አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው የበለጠ መጠንቀቅ አለበት።

ሲቢዲ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋርም ይጋጫል፤ ብዙ መድኃኒቶች በሚሰባበሩባቸው የጉበት ኢንዛይሞች ውስጥ ገብቶ ሥራቸውን ያዛባል። ክሎባዛም ከሚባል የሚጥል በሽታ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ እንቅልፉን ያበዛል። ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ የደም መፍሰስ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። የልብ በር ተቀይሮላቸው ዋርፋሪን የሚወስዱ ብዙ ወጣቶች በአገራችን ስላሉ ይህ ማስጠንቀቂያ በጥብቅ መያዝ አለበት። በተቃራኒው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ሲቢዲ ራሱ በሰውነት ውስጥ ያለውን መጠን ይቀንሰዋል።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት እንዳትወስድ የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት አጥብቀው ይመክራሉ።

በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

በሱቅ የሚሸጠው ሲቢዲ እንደ መድኃኒት ተመርምሮ የወጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት ከኢንተርኔት የተገዙ 84 ምርቶችን መረመረ። በጽሑፋቸው ላይ የተገለጸው የሲቢዲ መጠን ትክክል የሆነው 26ቱ፣ ማለትም 31 በመቶው ብቻ ሆነው ተገኙ። የቀሩት ወይ ከተጻፈው ያነሰ ወይ የበለጠ ነበረባቸው። በ18ቱ ውስጥ ደግሞ የሚያሰክረው ቲኤችሲ ተገኝቷል።

በዩታ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ እስከ 2018 መጀመሪያ የደረሰው ይባስ ይላል። «ሲቢዲ» ተብሎ የተሸጠ ዘይት በውስጡ በፋብሪካ የተሠራ አደገኛ ንጥረ ነገር ነበረበት። ማቅለሽለሽ፣ የአእምሮ መዛባትና መንቀጥቀጥ የታየባቸው 52 የመመረዝ ጉዳዮች ተመዝግበዋል። የሚጥል በሽታ ላለበት ልጅ እንዲህ ያለ ጠርሙስ መስጠት በሽታውን መቀስቀስ ነው።

ሕጉስ?

በአሜሪካ በታኅሣሥ 2018 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀ የእርሻ ሕግ ከ0.3 በመቶ ያልበለጠ ቲኤችሲ ያለውን የካናቢስ ዝርያ መዝራትና መሸጥ ፈቀደ። ገበያው በሲቢዲ የተጥለቀለቀው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሲቢዲ እንደ ምግብ ማሟያ መሸጡን እስከ ዛሬ አልተቀበለም።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2020 (እ.ኤ.አ.) በ27 ድጋፍና በ25 ተቃውሞ ካናቢስን ከጥብቁ ዝርዝር አወጣው። ይሁን እንጂ ተክሉ አሁንም ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መካከል ነው። በጣም ጥቂት ቲኤችሲ ያለባቸውን የሲቢዲ ዝግጅቶች ከቁጥጥር ነጻ ለማድረግ የቀረበው ሐሳብ አልጸደቀም።

በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፆችን ያለ ፈቃድ ማምረትን፣ ማዘዋወርን፣ መሸጥንና መጠቀምን ይከለክላል፤ ካናቢስም ከእነዚህ ነው። አንቀጹ ለሲቢዲ ብሎ የከፈተው በር የለም። መድኃኒት ወደ አገር ማስገባትን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን በሻንጣ ደብቆ የሚያመጣ ሰው ከጉምሩክ መወረስ እስከ ወንጀል ክስ ሊደርስበት ይችላል። ለዘመድ ደግ አስባለሁ ብሎ ዘመድን ከፖሊስ ጋር ማጋጨት አያስፈልግም።

ለሚጥል በሽታ በቅርብ ያለው መድኃኒት

የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1990 በታተመው ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2ቱ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ተገኝቷል። በዚህ ልኬት 200,000 ሕዝብ ያለው አንድ ወረዳ ከ1,000 በላይ ታማሚ ይኖረዋል። በእያንዳንዱ ቀበሌ በሽታውን የሚያውቅ ቤተሰብ አለ ማለት ነው። ብዙዎቹ ግን በሐፍረትና በፍርሃት ተደብቀው ይኖራሉ። ከትምህርት ይቀራሉ፤ ትዳር ይከለከላሉ፤ ምድጃ ላይ ወድቀው ይቃጠላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ቢታከሙ ከታማሚዎቹ እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት በሽታው ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ። በድርጅቱ ግምት ለዚህ የሚበቃ መድኃኒት ዋጋ በዓመት እስከ 5 ዶላር ዝቅ ሊል ይችላል። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ ፌኖባርቢታል ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። በኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያዎች ለማውረድ በተሠራው ሥራ የጤና ባለሙያዎች የሚጥል በሽታን አውቀው ይህን መድኃኒት እንዲያዝዙ ሠልጥነዋል። ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ቫልፕሮኤትም እንደ ታማሚው ሁኔታ ይሰጣሉ። ቫልፕሮኤት ግን ፅንስን ስለሚጎዳ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት በተቻለ መጠን አይመረጥም።

መድኃኒቱ የሚሠራው በየቀኑ ሲወሰድ ነው። ብዙ ቤተሰብ ልጁ ጥቂት ወር ሳይጥለው ሲቀር «ድኗል» ብሎ ያቋርጣል። ፌኖባርቢታልን በድንገት ማቋረጥ ግን ከቀድሞው የባሰና የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ማቆም የሚታሰበው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሳይጥል ሲቆይ፣ ያውም በባለሙያ ምክር ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መንገድንና የመድኃኒት አቅርቦትን እያስተጓጎለ ስለሆነ፣ ታማሚው ጤና ተቋም በሄደ ቁጥር ተጨማሪ የወር መድኃኒት እንዲሰጠው መጠየቅ ይኖርበታል።

ጸበል የሚጠመቅ ታማሚ መድኃኒቱን መተው የለበትም፤ ሁለቱ አይጋጩም። ካህን ወይም የንስሐ አባት «መድኃኒትህንም ውሰድ» ቢሉት ልጁን ከሞት ሊያተርፉት ይችላሉ።

ሰው ሲወድቅ ምን እናድርግ?

ክብሪት ጭሮ ማስሸተት አይጠቅምም፤ ያቃጥላል። አፉ ውስጥ ማንኪያ፣ እንጨት ወይም ጣት ማስገባት ጥርስ ይሰብራል፣ ያንቃል። በሽታው በንክኪ፣ በአረፋ ወይም በእስትንፋስ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ቀርቦ መርዳት አያስፈራም። ከእሳት፣ ከውኃና ከገደል አርቁት፤ ከራሱ ሥር ጋቢ ወይም ልብስ አድርጉለት፤ አንገቱ ላይ የጠበቀ ነገር ካለ አላሉት፤ መንቀጥቀጡ ሲቆም በጎኑ አስተኙት። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። በሽታው ያለበት ልጅ ብቻውን በገደል አፋፍ ከብት እንዳይጠብቅ፣ ወንዝ እንዳይሻገር፤ በሽታው ያለባት እናትም ብቻዋን እሳት ላይ እንዳትቆይ ቤተሰብ ሥራውን ይደልድል።

ከውጭ ላለ ወገን

የሲቢዲ ጠርሙስ የሚገዛበት ገንዘብ እዚህ ብዙ ይሠራል። ታማሚው በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ ሆስፒታል እንዲመረመር ይረዳል። ካስፈለገ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም አልፎ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ወዳለው ከፍተኛ ሆስፒታል ለመሄድ የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ ይሸፍናል። የአንጎል ምርመራ ወጪም ይችላል። የዓመት መድኃኒት ከዚያው ይገዛል። በሁለት ወይም በሦስት መድኃኒት በትክክል ታክሞም የሚጥለው ልጅ ካለ ግን ጉዳዩን ለነርቭ ሐኪም ማቅረብ ነው። የበሽታው ዓይነት ድራቬት ወይም ሌኖክስ-ጋስቶ መሆኑን የሚለየው ሐኪሙ ነው፤ ስለ ሲቢዲ የሚነሣው ጥያቄም ተገቢ መልስ የሚያገኘው ከእሱ ዘንድ ነው።

በቤታችሁ የሚጥለው ልጅ ካለ ይህ ሳምንት ሳያልፍ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። መቼ እንደሚጥለው፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ ሲጥለው ምን እንደሚሆን ያየ ሰው አብሮ ይሂድ። የሚወስደውን ሁሉ፣ የባህል መድኃኒትም ሆነ ከውጭ የመጣ ዘይት፣ ሳትደብቁ ለባለሙያው ንገሩ።